ጆሯቸው የደከመ አባትን ሐኪም ጋ ለመውሰድ

ያስተዋልኩት ቡና ላይ ነው። ደሴ፣ ወላጆቼ ቤት። ሽማግሌ ሲመርቅ ሁላችንም «አሚን» እንላለን። አባባ ግን አፋችንን አይተው ከሁላችን ኋላ ነበር «አሚን» የሚሉት። ቀስ በቀስ ቡና ላይ መቀመጡንም ተዉት። እኛ «እርጅና ነው» ብለን ሁለት ዓመት ቆየን። ዛሬም ይቆጨኛል።

የወንድሜን ንግግር ይሰማሉ፣ የእኔን አይሰሙም። ንቀውኝ መስሎኝ አዝኜባቸው ነበር። ለካ በእርጅና ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ የሴትና የሕፃን ድምፅ ቶሎ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ አትጩኹባቸው፤ ጩኸት ቃሉን ያዛባዋል። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው።

ከሁሉ የከበደኝ እሺ ማሰኘቱ ነው። ሰው ፊት «ጆሮዎ አይሰማም፣ እንሂድ» ስላቸው ተቆጡ። ቢቆጡም አይፈረድባቸውም። እሺ ያሰኛቸው አብረው የሚሰግዱ ጓደኛቸው ናቸው። «እኔስ ዓይኔን ሞራ ባላስገፍፍ መቼ አይህ ነበር? አብሽር፣ ሂድ» አሏቸው። እናንተም የሚያከብሩትን ሰው ፈልጉ።

ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የጤና መድን ካላቸው መታወቂያውን ያዙ፤ ሪፈር ሳታጽፉ ሆስፒታል ብትሄዱ ላይሸፍን ይችላል። አንዳንዱ ሰው ጆሮውን የደፈነው ኩክ ብቻ ይሆንና ሲወጣለት ይሰማል። ቤት ውስጥ ግን የሞቀ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ የክብሪት እንጨት አታስገቡ። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ትጎዷቸዋላችሁ። ጆሮ በድንገት፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከጠፋ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉ፦ መቼ ጀመረ? የትኛው ጆሮ ነው? ይጮኽባቸዋል? መግል አለው? ያዞራቸዋል? የወሰዱትንም መድኃኒት ጠይቁ። አባባ በወጣትነታቸው ለቲቢ መርፌ መወጋታቸውን የነገረችኝ እናቴ ናት። እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎች ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ።

አንዱ ጋ ስንገባ ሐኪሙ የሚያናግረው እኔን ብቻ ነበር። አባባ መሬት መሬቱን ያያሉ። «ዶክተር፣ እባክዎ ማስክዎን ዝቅ አድርገው ለእሳቸው ይንገሯቸው» አልኩ። እናንተም ለማለት አትፈሩ።

ምርመራው አያምም። ጸጥ ባለ ክፍል ማዳመጫ ያደርጋሉ፣ ድምፅ ሲሰሙ እጃቸውን ያነሳሉ። ውጤቱ ኦዲዮግራም ይባላል። ኮፒውን ያዙ፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወረቀት ረስቶ መመለስ ከባድ ነው።

መስሚያ መሣሪያው ሲገባላቸው የመጀመሪያ ቀን የሲኒው ኳኳታ አስጨነቃቸው። በቀን ጥቂት ሰዓት፣ ጸጥ ባለ ቤት ጀመርን። ሳምንታት ፈጀ። የመሣሪያው ትንሿ ባትሪ ላይዋ ያለው ተለጣፊ ከተነሳ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ትሠራለች፤ ትርፍ ግዙ። መሣሪያው ውኃም አይወድም። አባባ ውዱእ ሲያደርጉ ማውለቁን ስለሚረሱ፣ ከማንቆርቆሪያቸው አጠገብ ክዳን ያላት ትንሽ ቆርቆሮ አስቀምጬላቸዋለሁ።