ለደጋ እርሻ አነስተኛ ትራክተር እንዴት ይመረጣል

ትራክተር ሲሸጥ መጀመሪያ የሚነገረው የፈረስ ጉልበቱ ነው። «ይሄ 45 ነው፣ ያኛው 50 ነው» ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ይቆረጣል። ማሳ ላይ ግን ሥራውን የሚወስነው የአፈሩ ዓይነት፣ የቦታው ከፍታ፣ የማሽኑ የራሱ ኪሎና ከኋላው የሚታሰረው መሣሪያ ነው። እነዚህን አራቱን ሳያውቁ ወደ ሻጭ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። እዚህ የቀረበው ከ25 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ላለው ባለ አራት ጎማ ትራክተር፣ በተለይም ለደጋና ለወይና ደጋ ማሳ የሚሆን ነው።

1. ሥራውን በቀን ያስሉ

ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ጊዜ አይሰጥም። ሲደርቅ አይበሳም፣ ሲረጥብ ከጎማና ከዲስክ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በመካከል ያለው ለእርሻ የሚመች ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ ስንት ጥማድ (አንዱ የሄክታር ሩብ ነው) በስንት ቀን መታረስ እንዳለበት አስቀድመው ይወስኑ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ማረሻው የሚቆርጠው ስፋት በሜትር፣ ሲባዛ ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር፣ ሲባዛ 0.75፣ ሲካፈል ለ10። ውጤቱ በሰዓት የሚታረሰው ሄክታር ነው። 0.75 የገባው ለመዞሪያና ለመቆሚያ የሚባክነውን ጊዜ ለመቀነስ ነው። ሁለት ዲስክ ያለው ማረሻ 55 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሰዓት 0.2 ሄክታር፣ በ8 ሰዓት ደግሞ ከ6 ጥማድ ትንሽ የሚበልጥ ያርሳል።

የራስዎ መሬት ከ4 ሄክታር፣ ማለትም ከ16 ጥማድ በታች ከሆነና ለጎረቤት በኪራይ የማያርሱ ከሆነ ባለ አራት ጎማ ትራክተር አይግዙ፤ ተከራይተው ማረስ ያዋጣል። በእጅ የሚነዳው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ውኃ ለመሳብ፣ መውቂያ ለማሽከርከርና ትንሽ ተሳቢ ለመጎተት ጥሩ ነው። በደረቀ ዋልካ ላይ የመጀመሪያውን እርሻ ያርሳል ብለው ግን አይጠብቁ።

2. ተዳፋቱንና እርከኑን ይለኩ

2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዱላ አንዱን ጫፍ በላይኛው በኩል መሬት ያስነኩ፤ ሌላኛውን ጫፍ ከፍ አድርገው ይያዙ። ግማሽ ድረስ ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዱላው ላይ አጋድመው ውኃው እስኪተካከል ያስተካክሉ። ከፍ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለው ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 15 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ በሆነ ቦታ ተዳፋቱን አቋርጦ በጎን መንዳት መገልበጥን ያመጣል። ማሳዎ ወደዚያ የሚጠጋ ከሆነ የኋላ ጎማዎቹን ርቀት ማስፋት የሚቻልበትን፣ ከሾፌሩ ጀርባ የብረት መከላከያ ቅስትና የወንበር ቀበቶ ያለውን ብቻ ይምረጡ። ቅስቱ ከሌለ በዋጋ ቅናሽ አይታለሉ።

በእርከኖች መካከል ያለው ማሳ ጠባብ ከሆነ በመንጠቆ የሚጎተት መሣሪያ አያዋጣም፤ በሃይድሮሊክ የሚነሳው ይሻላል። ዳር ላይ ለመዞሪያ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይተዉ። ለመዞር ሲባል እርከን ማፍረስ በሚቀጥለው ክረምት አፈሩን ያስወስዳል።

3. የፈረስ ጉልበቱን ወደ ራስዎ ከፍታ ይቀይሩ

ሰው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት ወደ ባሕር ወለል ለቀረበ ቦታ የተሰላ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው ወደ 1 በመቶ ጉልበት ያጣል፤ ምክንያቱም አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ናፍጣውን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ያንሳል። ወረቀቱ ላይ 45 የሆነ ትራክተር 700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት መተማ አካባቢ 42 ያህል ይሰጣል። ያው ትራክተር 2,800 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን 32 ብቻ ይቀረዋል። የሚረጨው ናፍጣ ስላልቀነሰ ደግሞ በጭነት ጊዜ ጥቁር ጭስ ያወጣል። መካኒክ ናፍጣውን በመጠኑ ቢቀንስለት ጭሱ ይሻላል እንጂ የጠፋው ጉልበት አይመለስም።

ከ32ቱም ውስጥ ማረሻው ጋ የሚደርሰው ሁሉም አይደለም። ማርሽ፣ ዲፈረንሻልና የጎማ መንሸራተት ድርሻቸውን ወስደው ለስላሳ ማሳ ላይ ለጉተታ የሚቀረው ከሞተሩ ጉልበት 55 በመቶ ግድም ነው፤ ማለትም 18 የፈረስ ጉልበት።

አሁን አፈሩ የሚጠይቀውን ያስሉ። ማረሻ ለሚቆርጠው ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር አፈር አሸዋማ መሬት ከ0.2 እስከ 0.35 ኪሎ፣ መካከለኛ አፈር ከ0.4 እስከ 0.6፣ ከባድ ዋልካ ከ0.7 እስከ 1 ኪሎ ጉተታ ይጠይቃል። ሁለት ዲስክ 55 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሲቆርጡ 1,100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በዋልካ 0.8 ብንወስድ ጉተታው 880 ኪሎ ይሆናል። ኪሎውን በሰዓት ፍጥነት አባዝተው ለ270 ሲያካፍሉ የሚያስፈልገው ጉልበት ይወጣል፦ 880 ሲባዛ 5፣ ሲካፈል ለ270፣ 16.3 የፈረስ ጉልበት።

ስለዚህ በሜዳው ላይ 45ቱ ትራክተር ይችላል፤ ግን የተረፈው እጅግ ትንሽ ነው። ማሳው 10 በመቶ ዳገት ቢኖረው ትራክተሩና ማረሻው በአንድነት ከሚመዝኑት 2,250 ኪሎ ውስጥ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 225 ኪሎ፣ ጉተታው ላይ ይጨመራል። አሁን በ5 ኪሎ ሜትር መሄድ ከ20 በላይ የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሞተሩ ይታፈናል። ያለው አማራጭ ማርሽ ቀንሶ ወደ 4 ኪሎ ሜትር መውረድ ነው፤ የቀኑ ሥራም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ሦስት ዲስክ ያርሳል የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይህንን ስሌት አብረውት ይሥሩ።

ቱርቦ ያለው ሞተር በከፍታ ላይ ጉልበቱን በተሻለ ይጠብቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ለሚያርስ ሰው ተጨማሪው ዋጋ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥራ ሲያቆሙ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሽከርከርና ዘይቱን በሰዓቱ መቀየር ግዴታ ነው፤ እንደ ጋለ ከጠፋ የቱርቦው ኩሽኔታ ያልቃል።

4. ክብደቱን ይጠይቁ

ሞተሩ ጉልበት ኖሮት ትራክተሩ ቀላል ከሆነ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። በጠንካራና ትንሽ እርጥበት ባለው ማሳ ትራክተር የሚጎትተው ነጂ ጎማዎቹ ላይ ካረፈው ክብደት 40 በመቶ ያህሉን ነው። ለ880 ኪሎ ጉተታ እንግዲህ ነጂ ጎማዎቹ ላይ 2,200 ኪሎ ያስፈልጋል።

በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚነዳ 2,000 ኪሎ ትራክተር ቆሞ ሳለ ኋላው የሚሸከመው 1,300 ኪሎ ግድም ነው። በሥራ ላይ ማረሻውና ጉተታው ወደ ኋላ ስለሚጭኑት ወደ 1,800 ቢደርስም ከሚፈለገው ያንሳል። መፍትሔው ወይ አራቱም ጎማ የሚነዳውን መግዛት፣ ወይ ጎማ ውስጥ ውኃ መጨመር ነው። ጎማውን በክሪክ አንስተው ንፋስ መሙያው ከላይ እንዲሆን ያዙሩት፤ ውኃው እዚያ እስኪደርስ ሲሞላ ጎማው ሦስት አራተኛ ሞልቷል ማለት ነው። 13.6-28 ቁጥር ጎማ በዚህ መንገድ ወደ 200 ሊትር ይይዛል፤ ሁለቱ ጎማዎች 400 ኪሎ ይጨምራሉ። ርካሽና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

ፊቱንም አይርሱ። ማረሻው ተነስቶ ሳለ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶ የፊት ጎማ ላይ መቅረት አለበት፤ ካልሆነ መሪው አይታዘዝም፣ ዳገት ላይም ፊቱ ይነሳል። የፊት ክብደት ብረቶቹ ከዋጋው ጋር አብረው መምጣታቸውን በውሉ ላይ ያስጽፉ።

30 የፈረስ ጉልበት ኖሯቸው 1,200 ኪሎ ብቻ የሚመዝኑ ውብ ትናንሽ ትራክተሮች አሉ። አራቱም ጎማ ቢነዳ እንኳ የሚጎትቱት 480 ኪሎ ያህል ስለሆነ ለአትክልት ቦታ፣ ለሣር ማጨጃና ለቀላል አፈር ይመረጣሉ። ለዋልካ አይሆኑም።

5. ማንሻውንና ፒቲኦውን ይፈትሹ

ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣው (ማረሻው ከትራክተሩ ኋላ የሚታሰርበት) ምድብ 1 ከሆነ የታችኞቹ ፒኖች 22 ሚሊ ሜትር፣ የላይኛው 19 ነው፤ ምድብ 2 ደግሞ 28 እና 25። ሜትር ይዘው ይሂዱና ማረሻውንና ትራክተሩን ሁለቱንም ይለኩ፤ ያልገጠመውን በቡሎንና በብየዳ ማስተካከል መንገድ ላይ ያስቀራል።

የማንሳት አቅም ሲነገርዎት «የት ላይ ተለክቶ?» ብለው ይጠይቁ። ማያያዣው ጫፍ ላይ 1,200 ኪሎ የሚያነሳ ከኋላው 61 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲለካ በጣም ያነሰ ነው የሚያነሳው፤ የማረሻው ክብደት የሚያርፈው ደግሞ እዚያ ነው።

ፒቲኦው (የሞተሩን ጉልበት ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያስተላልፈው የኋላ ዘንግ) በደቂቃ 540 ዙር፣ ዘንጉ 35 ሚሊ ሜትርና ባለ 6 ጥርስ ከሆነ አብዛኛው መውቂያና የውኃ ፓምፕ ይገጥመዋል። መከላከያ ቱቦው ያልተሟላ ዘንግ አይቀበሉ። 540 ዙር በሰከንድ 9 ጊዜ ነው፤ የነጠላ ወይም የጋቢ ጫፍ ከያዘ ሰውየው እጁን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አያገኝም። በውቂያ ቀን አውድማው በሰው ስለሚሞላ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

6. ናፍጣና መለዋወጫ

ናፍጣው በበርሜል የሚመጣበት ቦታ ከሆነ በኤሌክትሮኒክስ ከሚሠራው ይልቅ ተራ መካኒካል የናፍጣ ፖምፓ ያለውን ሞተር ይምረጡ፤ ቆሻሻን በተሻለ ይችላል፣ የወረዳ ከተማ መካኒክም ይጠግነዋል። በርሜሉን አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ያሳድሩት፤ ሲቀዱም የመሳቢያውን ጫፍ ከበርሜሉ ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ውኃ ከፖምፓው ከደረሰ ጥገናው ውድ ነው። ለማረስ በዋልካ በሄክታር ከ20 እስከ 30 ሊትር ይያዙ።

ከመግዛትዎ በፊት የእነዚህን አምስት ዕቃዎች ዋጋ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሄደው ይጠይቁ፦ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ኖዝል፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ። ከአምስቱ ሁለቱ «በትዕዛዝ ነው የሚመጣው» ከተባሉ ያንን ስሪት ይተዉት። ትራክተር በእርሻ ወቅት ሁለት ሳምንት ከቆመ የዓመቱ ሥራ ነው የሚቆመው። በአገሩ ቋንቋ ብቻ የተጻፈባቸው ያገለገሉ የጃፓን ትናንሽ ትራክተሮች ሞተራቸው ጠንካራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በዚህ ነው።

7. ያገለገለ ከሆነ

ሲደርሱ መጀመሪያ እጅዎን ሞተሩ ላይ ያድርጉ። ሙቅ ከሆነ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል፤ በሌላ ቀን ቀዝቅዞ ያግኙት። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ፤ ጭስ እየተገፋ ከወጣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ በቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) በኩል ገብቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየበላ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ የኖዝል ወይም የመጭመቅ አቅም ችግር ነው።

ማረሻውን አንስተው ሞተሩን ያጥፉ፣ ከመሬት ያለውን ርቀት ይለኩ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። በግልጽ ከወረደ የማንሻው ኦሪንግ ወይም ቫልቭ ያፈሳል። ለፍሪሲዮን፦ ሜዳ ላይ ፍሬን ረግጠው በከፍተኛው ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ እየሠራ ከቀጠለ ዲስኩ ይንሸራተታል። ሰዓት ቆጣሪው 900 እያለ የፔዳሉ ጎማ ተላልጦ ብረቱ ካበራ ቆጣሪውን አይመኑ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ለእርስዎ መዛወር መቻሉን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ያጣሩ።

8. በራስዎ ማሳ ይሞክሩት

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ማሽኑን በሚያርሱት አፈር ላይ፣ በሚያርሱበት ማረሻ ያስሞክሩ። የኋላ ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉ። ማረሻው መሬት ውስጥ ገብቶ ጎማው 10 ጊዜ የዞረበትን ርቀት ዳርና ዳሩን በችካል ይምቱ። ከዚያ ማረሻውን አንስተው ያንኑ ርቀት በዚያው ማርሽ ይንዱና ዙሩን ይቁጠሩ። 8 ዙር ተኩል ከሆነ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው፤ በኋላ ጎማ ብቻ ለሚነዳ ይህ የመጨረሻው ድንበር ነው፤ አራቱም ጎማ ለሚነዳ ከ12 ባይበልጥ ይመረጣል። ከበለጠ ውኃና ክብደት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከ5 በታች ከወረደ ደግሞ ትራክተሩ ከሚገባው በላይ ከብዷል፤ ናፍጣ ይበላል፣ አፈሩንም ይጨፈልቃል፤ ክብደት ይቀንሱለት።

ከመጀመሪያው 50 የሥራ ሰዓት በኋላ የሞተር ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ የጎማ ዳዶዎችንም በሙሉ ደግመው ያጥብቁ።