የትል ጉዝጓዝ በጭነት ለሚልኩ አዲስ ገቢዎች፦ የጭነት መደብን ስለ ማወቅ

አገር ቤት ጭነት የሚታሰበው በኩንታል ስለሆነ፣ አሜሪካ በቅርቡ ገብቶ ለምድር ትል እርባታ የሚሆን ጉዝጓዝ (ትሎቹ የሚኖሩበትን፣ እንደ ተከተፈ ካርቶን ያለውን ንጣፍ) ለመሸጥ ያሰበ ወገናችን የመጀመሪያውን የማጓጓዣ ሒሳብ ሲያይ መደንገጡ አይቀርም፤ ቀላሉ ዕቃ ከከባዱ በልጦ ያስከፍለዋልና። ምክንያቱን ለመረዳት ጭድ የጫነ አይሱዙን ማስታወስ ይበቃል፦ መኪናው ገና ሊሸከም ይችላል፣ ተጨማሪ ዕቃ የሚገባበት ቦታ ግን የለውም።

ሙሉ መኪና የማይሞላው፣ ኤል ቲ ኤል የሚባለው ጭነት ከ50 እስከ 500 ባሉ 18 መደቦች የሚመደብ ሲሆን፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ይጨምራል። መደቦቹን የሚያወጣው ማኅበር ኤን ኤም ኤፍ ቲ ኤ ይባላል፤ መቀመጫውም ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ በሆነችው በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። መደቡ ሲወሰን የዕቃው እፍጋት (ክብደቱ ከሚይዘው ቦታ አንጻር)፣ ለማንሳትና ለመደርደር ያለው ምቹነት፣ እንዲሁም የመበላሸት ወይም የመሰረቅ ሥጋቱ ይታያሉ። ደረቅ ጉዝጓዝ አይሰበርም፣ ሌባም እምብዛም አይመኘውም፤ ስለዚህ ዋናው ጉዳይ እፍጋቱ ነው፤ እፍጋቱ ባነሰ መጠን የመደቡ ቁጥር ከፍ ይላል። ትሉ ራሱ አብሮ ከተጫነ ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ አስቀድሞ አጓጓዡን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እፍጋቱን ለማግኘት የታሸገውን ጭነት ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ፓሌቱን (ዕቃው የሚደረደርበትን ጠፍጣፋ መደብ) ጨምሮ፣ ከጠርዝ የወጣውንም ሳይተዉ በኢንች ለክቶ ማባዛት፣ ውጤቱን ለ1,728 አካፍሎ ኪዩቢክ ፉቱን ማወቅ፣ ከዚያም ፓሌቱን ጨምሮ ያለውን ጠቅላላ ክብደት በፓውንድ ወስዶ ለዚሁ ቁጥር ማካፈል ይገባል። ለምሳሌ በ48 በ40 ኢንች ፓሌት ላይ እስከ 72 ኢንች የተቆለለ የተከተፈ ካርቶን 80 ኪዩቢክ ፉት ይይዛል፤ ክብደቱ 400 ፓውንድ ከሆነ እፍጋቱ 5 ነው። በዚያው ፓሌት ላይ እስከ 54 ኢንች የተደረደረና 1,500 ፓውንድ የሚመዝን ተጨምቆ የደረቀ የኮኮናት ቃጫ ግን 60 ኪዩቢክ ፉት ብቻ ስለሚይዝ እፍጋቱ 25 ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 19 ቀን 2025 ጀምሮ በርካታ ዕቃዎች በተዛወሩበት ባለ 13 ደረጃ የእፍጋት ሰንጠረዥ መሠረት፣ የመጀመሪያው በ175፣ ሁለተኛው በ65 መደብ ይወድቃል።

አንዳንዱ ሰው እፍጋቱን ለመጨመር ካርቶኑን ውኃ ያርከፈክፍበታል። ይህን አልመክርም፤ ሒሳቡ ክብደትንም ስለሚቆጥር ለውኃው መክፈል ይመጣል፣ ከሥር ያለውም ካርቶን ላሽቆ ቁልሉ ይንሸራተታል። ደርቆ ሳለ በመጭመቂያ አስሮ መላክ ይሻላል።

ቢል ኦፍ ሌዲንግ በሚባለው የጭነት ሰነድ ላይ በግምት የተጻፈ መደብ አጓጓዡ በማከፋፈያው ጣቢያ ሲለካውና ሲመዝነው ሊቀየር ይችላል፤ ልዩነቱም ከምርመራ ክፍያ ጋር ተደምሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሜትሩና የሚዛኑ ቁጥር በግልጽ የሚታዩበትን ፎቶ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ያንሱና ሒሳቡ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ያቆዩት።