የቤዝቦል ቡድን በአንድ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ትከሻ ላይ ሲወድቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የአሜሪካው ቡድን ፊላደልፊያ ፊሊስ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሸነፋቸው 59 ጨዋታዎች 27ቱ የተመዘገቡት በፒቸሩ ስቲቭ ካርልተን ስም ነው። ቡድኑ ግን 97 ጊዜ ተሸንፎ የምድቡ መጨረሻ ሆነ። በዛሬው አሠራር ጨዋታ የሚከፍት ፒቸር በአምስት ቀን አንዴ ስለሚወረውር፣ ከ162 ጨዋታ የሚደርሰው 32 ወይም 33 ያህል ነው። በሽታው የሚፈለገው በቀሩት 130 ጨዋታዎች ውስጥ ነው።

ምልክት፦ በዋናው ፒቸር ቀን ማሸነፍ፣ በሌላው ቀን መሸነፍ

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን 20 ጨዋታዎች ለሁለት ክፈሉ፦ የእሱና የሌሎቹ። በእያንዳንዱ ያስቆጠራችሁትንና የተቆጠረባችሁን ጻፉ። የሚቆጠርባችሁ በሌሎቹ ቀን ብቻ የሚያሻቅብ ከሆነ ችግሩ ፒቸሮቹ ጋ ነው። በሁለቱም ቀን ካላስቆጠራችሁ ግን መቺዎቹን አሠልጥኑ፤ ፒቸር መቀያየር አይጠቅምም። ፒቸሩ ጄከብ ዲግሮም በ2018 ለኒው ዮርክ ሜትስ ሲጫወት በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ እየተቆጠረበት፣ በስሙ የተመዘገበው 10 ድልና 9 ሽንፈት ነበር።

ጉድለቱ ከፒቸሮቹ ከሆነ አራተኛውንና አምስተኛውን ፒቸር ቀስ በቀስ አሳድጉ፦ 45 ውርወራ፣ በሚቀጥለው ተራው 60፣ ከዚያ 75። አምስተኛ ሰው ጨርሶ ከሌለ ታምፓ ቤይ ሬይስ በ2018 የጀመረውን ዘዴ ተጠቀሙ። አንድ ጠንካራ ተቀያሪ ፒቸር የመጀመሪያውን ኢኒንግ ብቻ ይወረውራል፤ ከተጋጣሚው ምርጥ መቺዎች ጋር የሚፋጠጠው እሱ ነው። ቀጣዩ ሰው ከዚያ ተረክቦ አራት ወይም አምስት ኢኒንግ ይሄዳል።

ምልክት፦ እስከ አምስተኛው ኢኒንግ ድንቅ፣ በስድስተኛው መፈራረስ

ኳሱ ከፍ ከፍ ማለት ይጀምራል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። መንስኤው ድካም ብቻ አይደለም፤ ዘጠኙ መቺዎች ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ውርወራውን ለምደውታል። 18ኛው መቺ ሲገባ ተቀያሪው ማሟሟቅ ይጀምር። ቤዞቹ (የተጋጣሚ ሯጮች የሚቆሙባቸው ማዕዘኖች) እስኪሞሉ የሚጠብቅ አሠልጣኝ ዘግይቷል።

ምልክት፦ የክርን ሕመም

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ዕረፍቱን አሳጥሮ ደጋግሞ ማስወርወር በክርን ውስጠኛ በኩል ያለውን ጅማት ይጎዳል። ጅማቱ ከተበጠሰ ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለቶሚ ጆን የሠሩት ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል፤ ማገገሙም ብዙውን ጊዜ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ማዲሰን ባምጋርነር በ2014 የዓለም ሲሪዝ (የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ ላይ በሁለት ቀን ዕረፍት ገብቶ አምስት ኢኒንግ ወርውሯል፤ ነገር ግን ያ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፣ በውድድሩ መሀል፣ በሰኔ የሚሞከር አይደለም።

ለታዳጊዎች ገደቡ ይጠብቃል። በአሜሪካ የፒች ስማርት መመሪያ ከ15 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ አያልፍም፤ 76 ከደረሰ አራት ቀን ያርፋል። በዕረፍቱ ቀን ካቸር (ውርወራውን የሚቀበል ተጫዋች) አድርጋችሁ አታሰልፉት፤ ካቸርም ኳስ ሲመልስ ነው የሚውለው። ክርኑን ካመመው በዚያው ቅጽበት ከሜዳ ይውጣ፣ ሐኪም ሳያየውም አይመለስ።