ሞምባሳ ከማን ጋር ይሄዳሉ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ሞምባሳ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እዚያ ምን ምን ይታያል?» ብሎ ይነሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አብሮት ማን እንደሚሄድ ነው። ለሙሽሮች የተመቸ ዳርቻ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት ያስመርራል፤ ሕፃን የሚቦርቅበት ቦታ ጎረምሳውን ያሰለቸዋል። ከሞምባሳ ተኮራርፈው የሚመለሱ ቤተሰቦች፣ አብዛኞቹ ለአንዱ የታሰበ ዕቅድ በሁሉም ላይ የተጫነባቸው ናቸው።

በፋሲካ ሰሞን መሄድ

ፈቃድ የሚገኘው በበዓል ነውና ብዙ ሰው የፋሲካን ሳምንት ይመርጣል። ሚያዝያና ግንቦት ግን በኬንያ ዳርቻ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው፤ ባሕሩም ይደፈርሳል። የሚቻል ከሆነ ጥምቀት አካባቢ ይሻላል። ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በሚነፍስበት በዚያ ጊዜ ውኃው ጥርት ይላል፤ ለፈረንጆች አዲስ ዓመት የጎረፈው የናይሮቢ ሕዝብም ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ካርታ ሳያዩ ሆቴል መያዝ

የሞምባሳ መሐል ከተማ ደሴት ነው። ወደ ሰሜን በኒያሊ ድልድይ ተሻግረው ኒያሊ፣ ባምቡሪና ሻንዙ ይደርሳሉ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ዲያኒ ለመሄድ ደግሞ ከደሴቱ የሚያሻግረው የሊኮኒ ፌሪ የሚሉት ትልቅ ጀልባ ነው። እግረኛ አይከፍልም፤ ሆኖም ሠራተኛው ጠዋትና ማታ በሚሻገርበት ሰዓት ሕፃን አዝሎ በዚያ ሙቀት መሰለፍ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ልጆችና አረጋውያን ካሉ ሰሜኑን ይምረጡ። ዲያኒ ለጥንዶች ነው፦ አሸዋው ነጭ፣ ዳርቻው ረጅም። ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በአዲሱ የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ቢጓዝ ፌሪው ጭራሽ አያስፈልገውም። ትልቁ ስህተት ዲያኒ አድሮ በየቀኑ ከተማዋን ለማየት መመላለስ ነው።

የባሕሩን ሰዓት አለመጠየቅ

ደገኛ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እኛ የምናውቀው ውኃ ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ ከቦታው አይነቃነቅም። የሞምባሳ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ማታ ከሆቴሉ ደጃፍ ድረስ ሲንቦጫረቅ የነበረው ውኃ ጠዋት በሩቅ እንደ ሰማያዊ መስመር ብቻ ሊታይ ይችላል። በመካከሉ እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣርና ኮራል የሚባለው የባሕር ድንጋይ ተዘርግቶ ይቀራል። ለመዋኘት የመጣ ጎልማሳ «ባሕሩ የት ሄደ?» ብሎ ይናደዳል።

ለትንንሽ ልጆች ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። በኮራሉ ጉድጓዶች ውስጥ ለብ ያለ ውኃ ይቀራል፤ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ሸርጣን ወደ ጎን እየሮጠ ይሸሸጋል። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ በባዶ እግር እንዳይሄዱ። በየስንጥቁ የተደበቀ፣ እንደ ጃርት እሾህ ያወጣ ጥቁር ፍጥረት አለ፤ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር ጉዞው ያበቃል። ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ጫማ ይያዙ።

የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። ሆቴሎች ብዙውን ጊዜ ሰሌዳውን ይለጥፋሉ፤ 14:00 የሚለው በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ግን ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ጀልባ ነጂው ለጠዋት «ሳአ ታቱ» ካለዎት 3 ሰዓት ላይ ይጠብቅዎታል። ለእንግዶች ብሎ በእንግሊዝኛ ከነገረዎት ደግሞ ቀይሮት ይሆናልና የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። በዚህ የተነሳ ጀልባ ያመለጠው ሐበሻ ጥቂት አይደለም።

ልጆችን በታሪክ ማድከም

ልጅ ስለ ፖርቱጋል መርከበኞች የሚያዳምጠው ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። የልጆች ቦታ ባምቡሪ የሚገኘው ሃለር ፓርክ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ እየቆፈረ የተወው ራቁት መሬት ነበር፤ ሬኔ ሃለር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ እኛ ሸውሸዌ የምንለውን ዛፍ እየተከለ ወደ ጫካ ለወጠው። ቀጭኔዎቹ የሚመገቡበትን ሰዓት በር ላይ ይጠይቁ፤ መኖውን ከልጁ መዳፍ ላይ በረጅሙ ግራጫ ምላሳቸው ጠርገው ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በደረሰው ሱናሚ ከእናቱ የተለየው ኦወን የተባለ የጉማሬ ግልገል ከሽማግሌው ኤሊ ከምዜ ጋር የተወዳጀውም እዚሁ ነው።

ፎርት ጂሰስን ለጎረምሳው ያቆዩለት። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የገነቡት ምሽግ ሲሆን የኦማን ዐረቦች ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከበውት በ1698 ያዙት። ጎረምሳ ከበባ ይወዳል።

እናትና አባትን በቀትር ማዞር

አዲስ አበባ የኖሩ አዛውንት የባሕር ጠረፍ ሙቀት ሲገጥማቸው «ደህና ነኝ» እያሉ ይደክማሉ። ምሽጉን ጠዋት እንደተከፈተ ያሳዩዋቸው፤ ከ5 እስከ 10 ሰዓት ይረፉ። አመሻሹ ላይ ወደ ማማ ንጊና የባሕር ዳርቻ መናፈሻ ይውሰዷቸው። የሚወጣ የሚወረድ የለም። ከባኦባብ ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገባው ግዙፍ መርከብ ከፊታቸው ሲያልፍ ያያሉ፤ ሎሚና ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት የካሳቫ ጥብስና እሸት ኮኮናት አጠገባቸው ይሸጣል። እንደኔ እንደኔ በከተማዋ ካለው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ መግቢያም አይከፈልበትም።

ጾም ከሆነም ችግር የለም። ምባዚ የሚባለው በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ ማሐምሪ ከሚሉት በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ጋር ይቀርባል፤ ማሐምሪው ላይ የላም ወተት እንዳልገባ ግን ይጠይቁላቸው። አካባቢው ወባማ ስለሆነ መከላከያ መድኃኒት ከሚወስዱት የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ጋር ይስማማ እንደሆነ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

ዳርቻ ላይ ለተገናኙት ሰው ሙሉ ክፍያ መስጠት

ይህ በተለይ ዳርቻ ላይ ከሚያገኙት ሻጭ የጀልባ ጉዞ ለሚገዙ ጓደኛሞች ነው። ወደ ዋሲኒ ደሴትና ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ የሚደረገው ጉዞ፣ ዶልፊን ፍለጋውና መዋኘቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ጀልባው የሚነሳው ታንዛኒያ ድንበር አጠገብ ካለችው ሺሞኒ ስለሆነ ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ነፍሰ ጡርም አረጋዊም አይወሰድበትም። ዋጋው የፓርኩን መግቢያ፣ ምሳውንና ትራንስፖርቱን ይጨምር እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱንም በዓይንዎ ይዩ።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ከመሸ በኋላ በዳርቻው አይንሸራሸር። አሮጌው ከተማ ውስጥ ደግሞ ማንም ቢሆን በመዋኛ ልብስ አይዙር፤ ሰፈሩ የሙስሊም ቤተሰቦች መኖሪያ ነው።

በፌስታል መጠቅለል

ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ አግዳለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ይፈትሹ፤ እናት ካሉ ቆሎው በእርግጠኝነት በፌስታል ታስሯል። ቆሎውን ወደ ጨርቅ ከረጢት፣ በርበሬውን ክዳን ወዳለው ዕቃ ይገልብጡት።