ክፍሉን ደሴት ማድረግ፦ ምርጫና ግብር በሁለት ክፍለ ጊዜ

ይህ ለዜግነት ትምህርት መምህራን ነው፤ በተለይ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ አንድ ክፍል ውስጥ ወደ 50 ተማሪ ለሚጠብቃችሁ። «የመምረጥ መብት» የሚለውን ርዕስ ማስነበብ ቀላል ነው፤ ተማሪው ግን የራሱ ወረቀት ተበላሽቶ ሲጣል ካላየ ነገሩ አይገባውም።

ለምሳሌ የሚሆነው አይል ኦፍ ማን ነው። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለ፣ 572 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋትና 84 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያለው ደሴት። መከላከያውንና የውጭ ጉዳዩን ብሪታንያ ትይዝለታለች፤ ለንደን ፓርላማ ውስጥ ግን ወንበር የለውም። ሕግ የሚያወጣው፣ የገቢ ግብሩንም የሚወስነው ቲንዋልድ የሚባለው የራሱ ፓርላማ ነው። በታችኛው ምክር ቤት 24 አባላት አሉ፤ ከ12 የምርጫ ክልሎች ሁለት ሁለት ሆነው በየአምስት ዓመቱ ይመረጣሉ።

48 ተማሪ ካለ አሥራ ሁለቱንም ክልል ለማቋቋም አይሞክሩ፤ አራት አራት ሰው ይዞ ምርጫ አይሆንም። አራት ክልል ይበቃል፤ በእያንዳንዱ 12 መራጭ፣ ከእነሱም አራት ዕጩ። ስሙን ገላን፣ ቂሊንጦ እያሉ ከሰፈር ያውጡት። ዕጩዎች ምልክት ይምረጡ (ጀበና፣ ጃንጥላ፣ ቁልፍ)፤ የፓርቲ ምልክት ከመጣ ክፍለ ጊዜው በጭቅጭቅ ያልቃል። አንድ ሉክ ወረቀት ስምንት ቦታ ይቆረጣል፤ ሳጥኑ የብስኩት ካርቶን ሆኖ አፉ በፕላስተር ይታሸግ።

የመጀመሪያው ዙር በ1881 ሕግ ይሁን። በዚያ ዓመት (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ደሴቱ ንብረት ላላቸው ሴቶች ድምፅ ሰጠ፤ ላላገቡና ባል ለሞተባቸው ብቻ። ካርድ ያድሉ፦ «ባለንብረት ወንድ»፣ «ባለንብረት፣ ያላገባች»፣ «ያገባች»፣ «ንብረት የሌላት»። ካርዱ በዕጣ ይውጣ፤ ወንዱ ልጅ «ያገባች» ሲደርሰውና ከሰልፉ ሲወጣ ነው ክፍሉ የሚነቃው። ሁለተኛው ዙር በዛሬው ሕግ ነው፤ ከ2006 (ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ወዲህ እዚያ 16 ዓመት የሞላው ይመርጣል። እኛ ዘንድ 18 ነው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ይህን ሲሰሙ ዝም አይሉም፤ አምስት ደቂቃ ይተዉላቸው።

ብዙ ጥፋት የሚመጣው ምልክት ሲደረግ ነው። መራጩ እስከ ሁለት ዕጩ ድረስ ኤክስ ያደርጋል። ሦስት ካደረገ ወረቀቱ ይጣላል። አንድ ብቻ ካደረገ ግን ድምፁ ይቆጠራል፤ አስመራጮች ይህንን «ጎደሎ» ብለው መጣል ይወዳሉና አስቀድመው ያስጠንቅቋቸው። ብልጡ ተማሪ ሁለተኛውን ድምፁን ሆን ብሎ ያስቀረዋል፦ ለሌላ ዕጩ የሰጠው ድምፅ የራሱን ሰው ሊጥልበት ይችላልና። ይህን ራሳቸው እስኪደርሱበት አይንገሯቸው። በ12 መራጭ እኩል መውጣት የተለመደ ስለሆነ ዕጣ እንደሚጣል ከምርጫው በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ከመጣ «ለእሱ አደላችሁ» ይባላል።

በማግስቱ ግብር። ሩብ ኪሎ ሽምብራ ለአራት ቡድን ይበቃል። ለእያንዳንዱ 200 ፍሬ ይቁጠሩ፤ አንዱ ፍሬ 50 ብር፣ ድምሩ 10,000 ብር ደመወዝ። ዴስኩ ላይ በጠመኔ አራት ሳጥን ተሥሎ 40፣ 40፣ 60፣ 60 ፍሬ ይግባበት። በ2017 (በእኛ አቆጣጠር) የተሻሻለው የእኛ የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያውን 2,000 ብር አይነካም፤ ከቀጣዩ 2,000 ላይ 15፣ ከዚያ በኋላ ካለው 3,000 ላይ 20፣ ከመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ ይወስዳል። ከየሳጥኑ 0፣ 6፣ 12፣ 15 ፍሬ ይነሣል፤ 33 ፍሬ፣ ማለትም 1,650 ብር። አንዱ ቡድን 10,000ን በ25 በመቶ አባዝቶ 2,500 ብር ይዞ መምጣቱ አይቀርም። አይቆጡት፤ ሽምብራውን መልሶ በየሳጥኑ ይደርድር፤ ከመጀመሪያው ሳጥን 10 ፍሬ ሲያነሣ ስህተቱን ያየዋል። የ850 ብሩ ልዩነት ደመወዝ የሚያሰሉ ሠራተኞች በቀመራቸው የሚቀንሱት ቁጥር ነው።

የደሴቱ የገቢ ግብር መሰላል አጭር ነው፦ ነፃ መጠን፣ ከዚያ 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 በመቶ ገደማ። የውርስ ግብር የለም። «እዚያ ግብር የለም» የሚል ተማሪ ከተነሣ ሱቅ ይላኩት፦ ተጨማሪ እሴት ታክሱ እዚያ 20 በመቶ ነው፣ የእኛው 15።