ከሳንባ ዙሪያ ያለው ውሃ በመርፌ አልወጣ ሲል

«ሳንባው ውሃ ቋጥሯል» ሲባል ብዙ ጊዜ ውሃው ያለው ሳንባው ውስጥ አይደለም። ሳንባውንና ደረትን በሸፈኑት ሁለት ስስ ሽፋኖች መሃል ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጀርባ በኩል በመርፌ ይቀዳል። አንዳንዴ ግን እምቢ ይላል።

ሲቲ ስካን ላይ ውሃው አለ፤ በጀርባ ሲፈለግ ግን አልትራሳውንዱ አያገኘውም

ጥፋቱ የአየር ነው። የአልትራሳውንድ ሞገድ አየርን አያልፍም። ውሃው ጥቂት ሆኖ ወደ ደረት መሃል፣ ከአከርካሪ አጠገብ ከተሸጎጠ፣ አየር የሞላው ሳንባ ይጋርደዋል። በዚያ በኩል በግምት መርፌ መስደድ ሳንባን መብሳት ነው፤ እባካችሁ አይሞከር።

የሚያዋጣው መንገድ መቀየር ነው። የምግብ ቧንቧ የሚወርደው ልክ በዚያው ሰፈር ነው። ጫፉ ላይ አልትራሳውንድ ያለው ኢንዶስኮፕ (ተጣጣፊ የመመርመሪያ ቱቦ) በአፍ ገብቶ እዚያ ሲደርስ፣ ከውሃው የሚለየው የቧንቧው ግድግዳና ስስ ሽፋን ብቻ ሊሆን ይችላል። ውሃው ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሐኪሙ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዘዴ) መንገዱ ላይ ደም ሥር አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ መርፌውን እያየ ይሰዳል።

መርፌው ገባ፤ ምንም አይመጣም

ፈሳሹ ወፍራም ሆኖ ይሆናል፣ ወይም በውስጡ ድር መሰል ክፍልፋዮች ሠርቶ ይሆናል። 22 ቁጥር መርፌ ካልሳበ ሰፋ ያለውን 19 ቁጥር መሞከር ይቻላል (ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይሰፋል)። ለክፍልፋዩ ደግሞ ፈሳሽ የያዘ ሌላ ኪስ ይፈለጋል። የወጣው መግል ከሆነ ግን ናሙና መውሰዱ ብቻ አይበቃም። መግል መፍሰስ አለበት፤ ለዚያ በደረት በኩል ቱቦ ይገባል፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ናሙናው ወጣ፤ ውጤቱ «የካንሰር ሴል አልታየም» አለ

ይህ ነጻ ነህ ማለት አይደለም። ካንሰር ያመጣው ውሃ ሆኖም የመጀመሪያው ናሙና ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። የሳንባ ካንሰር ባለበት ሰው ውሃው ውስጥ ሴሉ ከተገኘ በሽታው 4ኛ ደረጃ ይባላል፤ የሕክምናው ዕቅድም ይለወጣል። ስለዚህ ጥርጣሬው ካለ ምርመራው ይደገም፤ ካልሆነም ደረት ውስጥ በሚገባ ካሜራ እየታየ ከሽፋኑ ላይ ቁራጭ ይወሰድ።

ከምርመራው በኋላ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር

የምግብ ቧንቧ ከጀርም የጸዳ ቦታ አይደለም፤ መርፌው ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። አየር ወደ ደረት ገብቶ ወይም ደም ፈሶም ሊሆን ይችላል። «ነገ ይሻለኛል» ሳይሉ ያኔውኑ ሐኪም ቤት መመለስ ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ከምርመራው ቀናት በፊት ይናገር። በራሱ ፈቃድ ግን መድኃኒቱን አያቁም።