ጥቁር ሼል እንዴት እንደተፈጠረ ከድንጋዩ ላይ እንዴት ይነበባል?

በባሕር ላይኛው ውኃ ከሚያድገው ፕላንክተን (በውኃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ደለል ውስጥ ተቀብሮ አይቀርም። ቀሪው ወደ ታች ሲወርድ ወይም ወለሉ ላይ ሲያርፍ ይበላል፣ ይበሰብሳል። አንዳንድ ጥቁር ሼል (ከደቃቅ ጭቃ የጠነከረ፣ በስሱ የሚሰነጠቅ ድንጋይ) ግን ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ኦርጋኒክ ካርቦን፣ ማለትም ከሕያዋን ቅሪት የመጣ ካርቦን፣ ይዞ ይገኛል። ይህን ያህል ምን አተረፈው? ወይ ላይኛው ውኃ ለምቶ ፕላንክተኑ በዝቷል፣ ወይ ወለሉ ላይ ኦክስጅን ጠፍቷል፣ ወይ ከየብስ የሚመጣው ጭቃ አንሶ ካርቦኑ ሳይበረዝ ቀርቷል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም ተጋግዘዋል። የትኛው እንዳመዘነ ለመገመት ያለ ቤተ ሙከራም ብዙ ማየት ይቻላል።

1. ትኩስ ገጽ አውጡ። መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ይበቃል፤ በስብስብ የሚሸጠው ውድ የመስክ ዕቃ አያስፈልግም። አየርና ዝናብ ያገኘው ሼል ይገረጣል፣ ዝገትና ቢጫ ዱቄትም ያወጣል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ልጣጭ አትመርምሩ፣ ቆፍራችሁ ግቡ።

2. በጥቁረቱ ብቻ አትፍረዱ። 1 ወይም 2 በመቶ ካርቦን ብቻ ያለውም ሼል ጥቁር ሊሆን ይችላል። በጥልቀት ተቀብሮ የጋለ ሼል ደግሞ ካርቦኑ ቢቀንስም ይበልጥ ይጠቁራል።

3. ስስ ንጣፎቹን ፈልጉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሼል ሲሰነጠቅ እንደ መጽሐፍ ገጽ ስለሚገለጥ ያ መገለጥ ራሱ የደለሉ ንጣፍ ይመስላል። አይደለም። መሰንጠቁ በአብዛኛው የሸክላ ማዕድናቱ በክብደት ተጭነው ከመደርደራቸውና ድንጋዩ በአየር ከመጎዳቱ ይመጣል። የምንፈልገው ከመሰንጠቁ በፊት የነበረውን መስመር ነው።

ለዚህም ድንጋዩን ንጣፉን አቋርጣችሁ ቁረጡት። የተቆረጠውን ፊት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ አርጥቡት፣ ከዚያ በሌንስ እዩት። ከአንድ ሚሊሜትር የሚቀጥኑ ብሩህና ጥቁር መስመሮች ሳይቆራረጡ ከዳር እስከ ዳር ከሄዱ፣ ጭቃውን የሚያምስ ትል በዚያ ወለል አልኖረም ማለት ነው። ትሉ ያልኖረው ደግሞ በአብዛኛው ኦክስጅን ስላልነበረ ነው። መስመሮቹ ተቆራርጠው ድንጋዩ ዥጉርጉር ከሆነ ግን ወለሉ ይተነፍስ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። መስመር ያለበት ሁሉ ጸጥ ባለ ጥልቅ ውኃ ተዘቀጠ ማለት አይደለም። የደለል ድንጋይ ተመራማሪው ዩርገን ሺበርና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ የሸክላ ቅንጣቶች ተጣብቀው በሚፈስ ውኃ እየተንከባለሉ ንጣፍ እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ስለዚህ መስመሮቹ ዘንበል ያሉ ወይም እርስ በርስ የሚቆራረጡ መሆናቸውን በተለይ ተመልከቱ፤ ያ የወለል ጅረት ምልክት ነው።

4. ቅሪተ አካሉን በኑሮው ለዩ። ዓሣ፣ አሞናይት (ጥምዝ ዛጎል የነበረው የስኩዊድ ዘመድ) እና ግራፕቶላይት (በመንጋ የሚኖር ጥቃቅን የባሕር እንስሳ) ላይኛውን ውኃ የኖሩ ናቸው፤ ሞተው ወርደዋል። እነሱ ብቻ ተገኝተው የወለል ነዋሪዎች ከጠፉ ነገሩ ኦክስጅን ወዳጣ ወለል ያመራል። በጀርመን ሆልትስማደን አካባቢ የሚገኘው፣ 183 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው የፖሲዶኒያ ሼል ኢክትዮሰሮችን (ዓሣ መሰል የባሕር ተሳቢ እንስሳትን) ከነቆዳቸው ቅሪት ያቆየው በዚህ ዓይነት ወለል ነው። እዚያው ግን አልፎ አልፎ የወለል ቀንድ አውጣና ዛጎል ይገኛል፤ ኦክስጅኑ ለአጭር ጊዜ ይመለስ ነበር።

5. ፓይራይቱን (የብረትና የሰልፈር ማዕድኑን) አታጋንኑ። ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎች የባሕሩን ሰልፌት ተጠቅመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣሉ፤ እሱ ከብረት ጋር ሲዋሃድ መጨረሻው ወርቅማው ፓይራይት ነው። ዛሬ በጥቁር ባሕር ከ150 ሜትር ገደማ በታች ያለው ውኃ በዚህ ጋዝ የተሞላ ነው። ሆኖም ፓይራይት ኦክስጅን ባለው ውኃ ሥር፣ ጭቃው ውስጥም ይሠራል። በጨው አልባ ሐይቅ ደግሞ ሰልፌት ስለሚያንስ ካርቦን የሞላው ሼል ፓይራይት ሊጎድለው ይችላል። ፓይራይትን ለብቻው የኦክስጅን እጦት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስንፍና ይመስለኛል።

6. ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ላኩ። የምትጠይቁት የኦርጋኒክ ካርቦን መጠን ነው። ካልሳይት የመሰሉ ካርቦኔቶች በአሲድ እንዲወገዱ አሳስቡ፤ አለዚያ የኖራው ካርቦን ተደምሮ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። አቅም ካላችሁ የሞሊብዲነምና የዩራኒየም ብረቶችን ልኬት ጨምሩ፤ ሁለቱም ኦክስጅን በሌለበት ደለል ውስጥ ይከማቻሉ።

«የፕላንክተን ምርት ነው ወይስ የኦክስጅን እጦት?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይካረራል። በፔሩ ዳርቻ ቀዝቃዛ ውኃ ከሥር ወጥቶ ፕላንክተኑን ያበዛል፤ የበዛው ፕላንክተን ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ስለዚህ ከአንድ ቁራጭ ድንጋይ ይልቅ ከታች ወደ ላይ በተከታታይ ናሙና ውሰዱ፣ የላዩንም አቅጣጫ በቀስት ምልክት አድርጉ። በጣሊያን ጉቢዮ የሚገኘው፣ ቦናሬሊ የተባለው የጥቁር ሼል ንጣፍ ውፍረቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ94 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግድም ባሕሩ ኦክስጅን ያጣበትን ወቅት ለማየት ከሥሩና ከላዩ ካለው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ጋር ማነጻጸር ግድ ነው።

ናሙናውን ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። እርጥበት ያገኘው ፓይራይት አሲድ አውጥቶ ድንጋዩንም፣ ስም የጻፋችሁበትን ወረቀትም ይበላዋል።